ለጠበቃው አባቴ ሠራተኛ ስቀጥር

ሰው መቅጠር የምተዳደርበት ሙያ ነው። ይህን ከመግቢያው የምናገረው ልኮራባችሁ ፈልጌ አይደለም። ወደ ኋላ የማወጋችሁን ስትሰሙ «ምስኪን፣ ልምድ ስለሌላት ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። ልምድማ አለኝ። ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የሰው ሀብት በሚባለው ክፍል፣ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጬ ስንቱን አመልካች ጠይቄያለሁ፤ ስንቱንም «እንደውልልዎታለን» ብዬ ሸኝቼ ሳልደውል ቀርቻለሁ። አንድ ሰው በር ከፍቶ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ብቻ አይቼ ማንነቱን አውቃለሁ እል ነበር። እል ነበር።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ነው የሚኖሩት፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን። ጠበቃ ነበሩ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው ይባላል፤ ግን የተሰናበቱት ከፍርድ ቤቱ እንጂ ከክርክሩ አይደለም። ጋዜጣ ሲያነቡ ከጋዜጣው ጋር፣ ሬዲዮ ሲሰሙ ከሬዲዮው ጋር ይሟገታሉ። አንድ ቀን ባልተጠበቀ ሰዓት ዝናብ ቢጥል፣ ሰማዩን ቀና ብለው አይተው «በምን ሥልጣን?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በዚያ ዕድሜያቸው የግቢያቸውን ኮክ ለመልቀም መሰላል ላይ የወጡት። መሰላሉ ተንሸራተተ፤ እሳቸውም አብረውት ወረዱ፤ ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። ስልክ ደውለው ሲነግሩኝ «ወደቅሁ» አላሉም። «መሰላሉ ግዴታውን አልተወጣም» ነው ያሉኝ።

ፈቃድ ወስጄ በማግስቱ ደረስኩ። አባዬ እጃቸው በጀሶ ታስሮ፣ ኮታቸውን በግራ እጃቸው ቆልፈው፣ ቁልፉንና ቀዳዳውን አዛብተው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ማዕድ ቤት ስገባ ከተቀቀለ ድንችና ከቅቤ በቀር የሚበላ ነገር የለም። ድንቹስ እሺ። የቅቤው ብዛት ግን ገረመኝ። በቅል፣ በጣሳ፣ በፕላስቲክ ባልዲ፣ መደርደሪያው ሞልቶ መሬት ላይ ወርዷል። ሐኪም ቅባት ቀንሱ ያላቸው ሰው ቤት ነው ይሄ። «አባዬ፣ ይህ ሁሉ ቅቤ ምንድነው?» ብላቸው፣ «የይጁቤ ገበያ ቅቤ ጥሩ ነው» ብለው ወሬውን ወደ መሰላሉ መለሱት።

«ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ይምጡ» አልኳቸው።

«ባሕር ዳር ይሞቃል።»

«ቢሞቅ ምን አለበት?»

«ሰው በሙቀት ኮቱን ያወልቃል፤ ኮቱን ያወለቀ ሰው ደግሞ የሚሰማው የለም።»

«እንግዲያው ሠራተኛ እንቅጠር» አልኩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «በመርህ ደረጃ አልቃወምም» አሉ። «ነገር ግን ስትጠየቅ እኔም እገኛለሁ።» እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። አባቴ በመርህ ደረጃ ያልተቃወሙትን ነገር በዝርዝር ሲቃወሙት እያየሁ ነው ያደግሁት።

መናኸሪያው አጠገብ ስንሻው የሚባል ደላላ አገኘሁ። የቤት ኪራይም፣ የበሬም፣ የሠራተኛም ደላላ ነው፤ ስለ ሦስቱም የሚናገረው በአንድ አፍ ስለሆነ ስለ የትኛው እያወራ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። «አንድ ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ከጎረቤት ጋር የማያጣላ አለኝ» አለኝ። ቤት ነው ወይስ ሰው ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ነው አለኝ።

ብርቄ ትባላለች። ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጣች፣ ቀን ሠርታ ማታ የምትማር ወጣት ናት። በሩን ከፍታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ አይቼ በልቤ ቀጠርኳት። አባዬ ግን ክራባት እንዳስርላቸው አዘውኝ፣ ከድሮው የሥራ ጠረጴዛቸው ጀርባ፣ ከሕግ መጻሕፍታቸው ፊት ለፊት ተሰይመው ነበር።

«ሙሉ ስም?» አሉ። ነገረቻቸው።

«ከዚህ ቀደም እኔን ታውቂኛለሽ?»

«አላውቅዎትም።»

«ጠብ አለን?»

ወደ እኔ ዞር ብላ አየች። «የለንም» አለች በቀስታ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። በፊት የነበርሽበትን ቤት ለምን ለቀቅሽ?»

«ሰዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ።»

«ሲሄዱ አይተሻል ወይስ ሰምተሽ ነው?»

«አይቻለሁ። ዕቃቸው ሲጫን ነበርኩ።»

«ዕቃው ሲጫን ነበርሽ» አሉ አባዬ፣ መነጽራቸውን ቀስ አድርገው እያወለቁ። ይህን መነጽር የማውለቅ ነገር አውቀዋለሁ። በልጅነታችን ስኳር ስንሰርቅ ነበር የሚያወልቁት። «ከዕቃው ውስጥ ሳይጫን የቀረ ነበር?»

ብርቄ አቀረቀረች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንድ ማንኪያ» አለች። «ከልብሴ ጋር ተጠቅልሎ መጥቶ ነው። ሳላውቅ ነው።»

አባዬ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ የአንድ ክፍለ ሀገር ሙግት እንደረታ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ብድግ ብላ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ስንሻው ደወለልኝ። «ምን አድርጋችኋት ነው? ማንኪያውን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ካልሄድኩ እያለች ነው» አለኝ። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ፣ ማንም እንዳልከሰሳት አስረድቼ፣ ማንኪያውም ለሷ እንዲሆን ተማምነን ተለያየን። እኛ ቤት ግን አልመለስም አለች። የተሻለ ቤት አግኝታለች፤ ደስ ብሎኛል።

ቀጥላ የመጣችው ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች፣ ስሟን ናንሲ ያለችን ሴት ናት። ይህቺ ደግሞ አባዬ አንድ ሳይጠይቁ እሷ ጠየቀች። ዋይፋይ አለ ወይ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ ወይ፣ ሽማግሌው ሌሊት ያስላሉ ወይ። በመጨረሻ «የጽሑፍ ውል ከሌለ አልገባም» ስትል የአባዬ ፊት በራ። እጃቸው ስለታሰረ እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። አንቀጽ በአንቀጽ ሄድን። ስለ ዕረፍት ቀን ተስማሙ፤ ስለ ጾም ወጥ ተስማሙ፤ ስለ ሳሉ እንኳ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ሐረግ ገብቶ ታለፈ። የፈረሰው ቴሌቪዥን ላይ ነው። የናንሲ ተከታታይ ድራማና የአባዬ ዜና አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት። ናንሲ ቦርሳዋን አንሥታ «ከባድ ከባድ እመቤቶች አይቻለሁ፤ ግን ቋንቋቸውን ስለማልሰማ ይቀለኝ ነበር» ብላን ሄደች። አባዬ ያልተፈረመውን ውል ለብዙ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ያዩት ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ስለ አቶ ጌጡ ነው፤ ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ወይም ያበጀው እሱ ነው፤ የቱ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። ከደምበጫ የመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ኮሌጅ ምግብ ቤት ለተማሪ ሲቀቅል የኖረ ሰው ነው። ስንሻው «ወንድ ነው እንጂ እጁ የሴት ነው» ብሎ ላከልን። እኔም ከአባዬ ጥያቄ ላድነው ብዬ በቀጥታ ወደ ተግባር ፈተና አስገባሁት። ምስር ወጥ ይሥራ።

«ስንት ሰው ነው?» አለኝ እጅጌውን እየሰበሰበ።

«አንድ።»

«አንድ መቶ?»

«አንድ ሽማግሌ።»

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል። ድስቶቻችንን አንድ በአንድ አንሥቶ አያቸውና «እነዚህ የልጆች መጫወቻ ናቸው፤ እኔ ድስት አመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ምስሩንም ሽንኩርቱንም እሱው እንዲገዛ አድርጌ አባዬን ለማጠብ ውሃ ላሞቅ ገባሁ። ድስት ማምጣት እንዴት ያለ ነገር ያመጣል ብሎ የሚያስብ አለ?

ጌጡ የሄደው ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ነው። ለቅሶ ሲሆን የሚወጣውን ያንን ጥጃ የሚያስተኛ ድስት «ለጠበቃው ቤት ነው» ብሎ ጠየቀ። ዕቃ ቤት ጠባቂው ሰውዬ ጠበቃው ከመሰላል መውደቃቸውን ሰምተዋል። ምንም አልጠየቁም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ነፍስ ይማር ብለው፣ ድስቱን በጋሪ አስጭነው ሰጡት። ጌጡም ነፍስ ይማር ያሉት ለራሳቸው ዘመድ መስሎት አሜን ብሎ መጣ። ግቢያችን ጓሮ እሳት አነደደ።

እኔ አባዬን አጥቤ፣ ጠጉራቸውን አበጥሬ፣ ሸሚዝ እያለበስኩ ሳለ የዕድሩ ጡሩምባ ከታች መንደር ሲነፋ ሰማን።

«ማን ሞቶ ይሆን?» አልኩ።

«ማንም ይሁን፣ መድረስ ይገባል» አሉ አባዬ። «ጥቁሩን ኮቴን አምጪልኝ።»

ጥቁሩን ኮት አለበስኳቸው። ነጠላዬን ደርቤ፣ በጤነኛ እጃቸው በኩል ደግፌ፣ ወደ ግቢው በር ሄድን። በሩን ስከፍተው ሰፈሩ በሙሉ እኛው በር ላይ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። ከፊት የነበሩት የአባዬ የድሮ ጓደኛ ጋሽ ሞላ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ። ለቅሶው ከፊት ጀምሮ እየቆመ እየቆመ ወደ ኋላ ሄደ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ አባዬ።

ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እርስዎ ነዎት» አሉ።

«እኔ?»

«እንዲያ ነው የሰማነው።»

አባዬ ትንሽ አሰቡ። «ማስረጃ አላችሁ?» አሉ።

ጋሽ ሞላ ጣታቸውን ወደ ጓሮ ቀሰሩ። ጌጡ ከዕድሩ ድስት ላይ ቆሞ፣ በእንፋሎቱ መሃል፣ በአካፋ በሚያህል ማንኪያ ምስር ያማስላል።

ሰው ከመጣ እንግዲህ መመለስ የለም። የመጣው ሁሉ ተቀመጠ፤ በላ፤ ጌጡም ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል በደስታ ይዞር ነበር። እውነቱን ለመናገር ምስሩ ግሩም ነበር። አባዬ የራሳቸውን የለቅሶ ምስር ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ «ከሕግ ትምህርት ቤት አብሮኝ የነበረው አስረስ አልመጣም፤ አይተሻል?» አሉኝ። ጌጡ ግን በማግስቱ ተሰናበተን። «ለአንድ ሰው ስሠራ ጨው ይጠፋብኛል» አለኝ፤ ከልቡ አዝኖ ነበር።

የሞት ወሬ በእግሩ ቢሄድ፣ የማስተባበያው ወሬ ደግሞ ተከትሎት ቢደርስ ጥሩ ነበር። ግን እንደምታውቁት ሞተ የሚለውን ሁሉም ይናገራል፤ አልሞተም የሚለውን ለመናገር የሚቸኩል የለም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቀን ስንሻው «ዛሬ ከሰዓት አንዲት በሳል ሴትዮ ትመጣለች፤ እባክሽን ይህቺን እንኳ አታስፈራሩብኝ» ብሎ ደወለ። አባዬ ምሳቸውን በልተው ጋደም አሉ። ሳይነሡ ቶሎ ጠይቄ ልጨርስ ብዬ ተዘጋጀሁ። ወዲያው በር ተንኳኳ።

ከፍ ያለ ቁመት ያላቸው፣ ጥቁር ልብስ የለበሱ፣ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ ዳቦ ያዘሉ ሴት ናቸው። ሐዘንተኛ መሆናቸውን አየሁና አንጀቴን በሉኝ። ለሥራ ሲመጡ ዳቦ ጋግረው መምጣታቸውም ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሥራ ተነሣሽነት እንለዋለን እኛ።

«አባቴን ብለው ነው የመጡት?» አልኳቸው።

«አዎ፣ እሳቸውን ብዬ ነው።»

«ይግቡ። እሳቸውስ አርፈዋል» አልኩ።

እኔ ምሳ በልተው ጋደም ብለዋል ማለቴ ነው። ሴትየዋ ግን በዚያች ቃል ግድግዳውን በእጃቸው ያዙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ስሜታቸው ቅርብ ነው፣ ለሽማግሌ የሚሆኑ ናቸው ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው።

ስማቸው ወይዘሮ ይታይሽ ነው። በስማቸው ይታይሽ እያሉኝ አላየሁም።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከይጁቤ።»

«ከዚህ በፊት የት ነበሩ?»

ጥያቄው ግራ ያጋባቸው መሰለኝ። «ከባለቤቴ ጋር» አሉ።

«ለምን ለቀቁ?»

«እሱ ነው የለቀቀኝ። ሞተ።»

«ነፍስ ይማር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት አልገቡም?»

ቀና ብለው አዩኝ። የሚያምር፣ የማይሸሽ ዓይን አላቸው። «የማንንም ቤት ረግጬ አላውቅም» አሉ። «እሳቸው ራሳቸው እየመጡ ነው።» ስንሻው ይጁቤ ድረስ እየሄደ ለምኗቸዋል ማለት ነው ብዬ በስንሻው ትጋት ተደነቅሁ።

«ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት። ነግሬያቸዋለሁ። አልተቃወሙም።»

«ጥሩ። ስለ ጸባይዎ የሚመሰክር ሰው ይኖራል?»

«አንድ ሰው ነበሩ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «አንቺም ልጅ ብትሆኚ መጠየቅሽ ትክክል ነው። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ያልሆነ ነገር አልሠራሁም። ሌላ ምን እንደምልሽ አላውቅም።»

እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝ አመልካች አጋጥሞኝ አያውቅም። ልቤ ወሰነ። «እዚሁ ማደር ይችላሉ?» አልኩ።

«ከፈቀዳችሁልኝ እስከ ሦስተኛው ቀን።»

«ሦስት ቀን ብቻ?»

«ከዚያ በላይ ምን መብት አለኝ?»

«አይ፣ እኛ እንኳ የምንፈልግዎ ለረጅም ጊዜ ነው» አልኩ።

«ለረጅም ጊዜ» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ ቃሉን እየደገሙ፣ ጤነኛ መሆኔን ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ፊቴን እየመረመሩ። በዚህ መሃል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። አባዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጠጉራቸው በአንድ ወገን ቆሞ፣ «ልጄ፣ ውሃ ብትሰጪኝ» እያሉ ወጡ። ሴትየዋን አዩ። ሴትየዋም አዩዋቸው።

ወይዘሮ ይታይሽ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አልሞቱም?» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

«አልሞትኩም።»

«ከገበያ የመጡ ሰዎች ተቀብረዋል አሉኝ።»

«የስሚ ስሚ ነው» አሉ አባዬ፣ ድምፃቸው ግን የጠበቃ ድምፅ አልነበረም።

«ልጅዎም አርፈዋል አለችኝ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በእጄ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። አስቀመጥኩት።

የስንሻው በሳል ሴትዮ ጭራሽ አልመጣችም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በያዙት የመጨረሻ ሙግት፣ ወይዘሮ ይታይሽን ከባላቸው መሬት ሊያስወጣ ለተነሣ የባላቸው ወንድም ነበር የቆሙት። ወይዘሮዋ ጠበቃ አልነበራቸውም። አባዬ መስቀለኛ ጥያቄያቸውን ሁሉ አወረዱባቸው፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ፤ ሴትየዋ ግን ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። አባዬ ተረቱ። ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ደንበኛቸው እንደዋሻቸው ገባቸውና ይቅርታ ሊጠይቁ ይጁቤ ሄዱ። እርጎ ቀረበላቸው። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ቅቤ ሊገዙ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቅቤ መግዛት አላቋረጡም።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ተነሥቼ ማዕድ ቤት ገባሁና ቅሎቹንና ጣሳዎቹን እያየሁ ቆምኩ። እናቴ በዚህ ማዕድ ቤት ነው የኖረችው። መደርደሪያውን ያስመታችው እሷ ናት። የሌላ ሴት ቅቤ ሞልቶበት ሳየው ከፋኝ። ብቻ ደግሞ ሌላም ነገር መጣብኝ። ይህቺ ሴት ጥቁር ለብሳ፣ ዳቦ ጋግራ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ የመጣችው የሚያውቃት በሌለበት ቤት ልታለቅስ ነው። ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጸባይዋ ስጠይቃት አንዱንም ያልተቆጣችው፣ ማልቀስ እንዲፈቀድላት የምትጠየቅ መስሏት ነው።

ወይዘሮ ይታይሽ ተከትለውኝ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ። «ልሂድ ልጄ» አሉ። «ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ።»

«ለምን ይሄዳሉ?»

«ለለቅሶ ነው የመጣሁት። ለቅሶ ከሌለ ምን እሠራለሁ?»

ሳቄ መጣ። ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። እሳቸውም እንደዚያው ሆኑ፤ እዚያው ማዕድ ቤት፣ ከቅቤው መሃል፣ ሁለታችንም እየሳቅን ስናለቅስ አባዬ ሳሎን ውስጥ «ምን ተፈጠረ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ኋላ ከአባዬ ጋር ብቻችንን ተቀመጥን። በዚያ ቀን ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«አልተጠየቅሁም።»

«አባዬ።»

ጀሶውን በግራ እጃቸው ዳበሱት። «ፈራሁ» አሉ። «አንቺንም ወንድምሽንም። እናታችሁን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። አልረሳኋትም። ግን ሲመሽ ይህ ቤት ዝም ይላል። ዝም ካለ ቤት ጋር ደግሞ እንዴት እከራከራለሁ?»

እንደዚያ ያለ አጭር ንግግር ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም። ሠራተኛ የመጣች ቀን ሁሉ ችሎት የሚያቆሙትም ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አንዷ ከተቀጠረች የእኔ ሐሳብ ያርፋል፤ እሳቸው ደግሞ ወይዘሮ ይታይሽን ላግባ ብለው የሚያነሡበት ሰበብ ያልቃል። ሐዋሳ ለሚኖረው ወንድሜ ደወልኩና ከጡሩምባው ጀምሬ ነገርኩት። ሞት፣ ምስር፣ ትንሣኤ፣ ጋብቻ፣ በአንድ ትንፋሽ። «አባዬ ደስ ብሏቸዋል?» አለ። ብሏቸዋል አልኩት። «እንግዲያው ሌላውን ስመጣ አስረዱኝ» አለ።

ሽማግሌ ለመላክ ሲፈለግ ከአባዬ በዕድሜ የሚበልጥ፣ እስከ ይጁቤም መንገድ የሚችል ሰው ማግኘት ከሠራተኛ ፍለጋው ባሰ። በመጨረሻ ጋሽ ሞላ ሄዱ፤ ለቅሶ በመጡበት በዚያው ካፖርት። የወይዘሮ ይታይሽ ልጆች እሺ አሉ። ወይዘሮዋ ራሳቸው ግን አንድ ነገር አስቀድመው አስነገሩ። «እኔ የምመጣው የሰው ሚስት ሆኜ ነው» አሉ። «ወጥ ለመሥራትና ጀሶ ለማስታመም ከሆነ ይጁቤ የራሴ ቤት አለኝ። መጀመሪያ ሠራተኛ ቅጠሩ።»

አባዬ ይህን ሲሰሙ «ጥያቄው ሕጋዊ ነው» አሉ። እኔ ፈቃዴን አራዘምኩ። ስንሻውም ስልኩን ያነሣው በስንተኛው ጥሪ እንደሆነ ባልናገር ይሻላል።

የላከልን አንዲት ጎልማሳ ሴት ናት። ወይዘሮ ይታይሽ በዚያ ቀን ቤቱን ሊያዩ ከይጁቤ መጥተው ነበር። ሦስታችን ሳሎን ውስጥ ተደርድረን ተቀምጠን ሴትየዋን አስገባናት። ክራባታቸውን አስረው፣ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው፣ አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሴትየዋ ግን ቆማ ሦስታችንን በየተራ አየችን፤ እንደ ናንሲም አልጠየቀች፣ እንደ ብርቄም አልፈራች።

«ከመቀመጤ በፊት» አለች፣ «የቤቱ እመቤት የትኛዋ ናት? የምታዘዘው ለማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው።»

አባዬ ወደ እኔ አዩ። ወይዘሮ ይታይሽ ወደ መሬት አዩ። እናቴ ግድግዳው ላይ፣ በፎቶዋ ውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜዋ ወደ በሩ ታያለች።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ፤ ወደ ወይዘሮ ይታይሽ በእጄ እያመለከትኩ።

አባዬ መነጽራቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ወይዘሮ ይታይሽ ዞር ብለው ሲያዩዋቸው መልሰው አወረዱት። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉና ለሴትየዋ አጠገባቸው ያለውን ቦታ አሳዩዋት።

«ነይ ቁጭ በይ» አሏት። «ምሳ በልተሻል?»